ስለ ድንጋዩ አልታረቅም ያለችው ሴት

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤቱ የጥበቃ ክፍል በር ልገጥም ሄጄ ነበር። ማጠፊያውን እየመታሁ ሳለ ዘበኛው አጠገቤ ቆሞ ስለ ዝናቡ መዘግየት ሲያወራ ቆየና፣ እግረ መንገዱን፣ "ያች ጎጃሜዋ ሞተች አሉ" አለኝ። ሰቆጣ ተመድበው የመጡና የሄዱ ጎጃሜዎች ብዙ ናቸው፤ "ያች" የምትባለው ግን አንዲት ብቻ ናት። ማን ብዬ አልጠየቅሁም።

"መቼ?" አልሁት።

"ከፋሲካ በፊት። ባገሯ ነው። ታማ ነበር ይላሉ።"

መዶሻውን አነሳሁና ጣቴን መታሁ። ዘበኛው ሳቀ። እኔም በጣቴ የተናደድሁ መስዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በሩ ሳይገጠም አደረ።

ስለ ሞተ ሰው ሲጻፍ ጸሐፊው ራሱንም ደግ አድርጎ መሐል የሚያስገባበት ልማድ አለ። እኔ ያን አላደርግም። ከዚህ በታች በምጽፈው ነገር ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ አንባቢ ከወዲሁ ይወቀው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትባላለች። ተማሪዎቹ "ቲቸር" ይሏት ነበር እንጂ በወረቀት መምህርት አልነበረችም፤ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበረች። ስትመደብ የተረከበችው ክፍል በሩ ላይ "ፊዚክስ ላቦራቶሪ" የሚል ጽሑፍ አለው። ውስጡ ሦስት ባዶ መደርደሪያ፣ አንድ ሰሌዳ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና አንድ የተሰበረ ሚዛን ነበረ። ዕቃው የት አለ ተብሎ በየዓመቱ ይጠየቃል፤ በየዓመቱም "በሂደት ላይ ነው" ይባላል። እሷ በየጠዋቱ ክፍሉን ትከፍታለች፣ መደርደሪያውን ትወለውላለች፣ በወሩ መጨረሻ "የጠፋ ዕቃ የለም፤ የተበላሸ ዕቃ የለም" ብላ ሪፖርት ታስገባለች። አንድ ዓመት በንብረት አያያዝ የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎላታል። ደብዳቤውን ሰሌዳው ላይ ለጥፋ፣ ለሚጠይቃት ሁሉ፣ "ምንም ካልሰጡህ ምንም አይጠፋብህም" ትል ነበር።

ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ልጆች መግባት ጀመሩ። የፊዚክስና የሂሳብ የቤት ሥራ ያቃተው ሁሉ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። በከተማችን የቤት ሥራ የሚሠራው በስልክ ነበር፤ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ መላክ፣ መልሱን ተቀብሎ መገልበጥ። ኔትወርክ የጠፋ ሳምንት የከተማው የፊዚክስ ዕውቀት አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ወደ እሷ ይሮጣሉ፤ እሷ ግን መልስ አትሰጥም። ጠመኔውን ከሻሿ ሥር ታወጣና፣ "ጥያቄው ምን ሰጠሽ? ምን ደበቀሽ?" ትላለች። የሰጠውን በግራ፣ የደበቀውን በቀኝ ታስጽፋለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ረጅም ነበር። አንዳንዱ ልጅ ሽንቴ መጣ ብሎ ወጥቶ በዚያው ይቀራል። ጠመኔውን መልሳ ሻሿ ውስጥ ስለምትሰካው ግንባሯ ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ ገበያ ስትወጣ እንኳ አይጠፋም።

የመማሪያ መጽሐፎቹን የመጨረሻ ገጾች፣ መልስ ያለባቸውን፣ በጥቁር ክር ሰፍታቸው ነበር። አንድ ወላጅ፣ "የመንግሥት ንብረት አበላሸች" ብሎ ለርእሰ መምህሩ አመለከተ። ተጠርታ ስትጠየቅ፣ "አላበላሸሁም። መልስ ያፈስ ነበር፣ ጠገንሁት" አለች።

የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደግሞ ሾፌሩን ልኮ፣ "የልጁ የቤት ሥራ አልቋል ወይ?" ሲል አስጠየቃት።

"ልጁስ?" አለች።

"ልጁማ ቤት ነው ያለ።"

"እንግዲያማ አላለቀም። ልጁን አምጣውና ከሱ ነው የምንጀምር።"

እኔ ይህን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ሰውን ሁሉ፣ "እንዲህ ናት አስተማሪ!" አልሁ። ልጆቼን በሥርዓት ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ አቋራጭ አልወድም። ትምህርቴንም በመሠረተ ትምህርት ጀምሬ የቀረውን የልጆቼን ደብተር እየገለጥሁ የጨረስሁ ነኝ። ጨረስሁ ስል እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሥዕሉን ነው የማነብ።

አንድ ክረምት የላቦራቶሪው ጣሪያ አፈሰሰና ቆርቆሮውን ልቀይር ተጠራሁ። ሥራውን ስጨርስ ከታች ቀና ብላ፣ "አያ መርሻ፣ ምን ያህል ነው ያዘነበሉት?" አለችኝ።

"ለአንዱ ሜትር ሃያ ሳንቲም።"

"ማን አስተማረዎት?"

"ዝናቡ።"

ወደ ልጆቹ ዞረች። "ይኸውላችሁ ታንጀንት። እናንተ ሁለት ሳምንት ያለቀሳችሁበትን አያ መርሻ ጣሪያ ላይ ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩበት ኖረዋል።" ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። የገዛ ልጄ ለምለምም መሐላቸው ነበረች፤ አጨበጨበች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ከሊቃውንት ቆጠርሁ። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለምለም አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ለብሔራዊ ፈተና ትቀመጣለች። ከሰፈራችን ያን ፈተና ያለፉት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ያችን ባዶ ክፍል የረገጡ ናቸው። ለምለም ካለፈች ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ ሰው ልትሆን ነው። ካላለፈች ደግሞ ምን እንደሚጠብቃት እሷም እኔም እናውቀው ነበር፤ ሁለት ቤተሰብ ለጋብቻ ጠይቆን ነበርና።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ስትቆዝም አገኘኋት።

"ምን ይላል?" አልኋት።

"ድንጋይ በሰከንድ ሃያ ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ። ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው ይላል።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት ልክ ነው፣ አባዬ።"

"ጫፍ ላይ ሲደርስ ድንጋዩ ምን ይሆናል?"

"ለቅጽበት ይቆማል።"

"የቆመ ነገር ምኑ ይለወጣል? ዜሮ ነው። ጻፊ።"

"ቲቸር እስከ ሰኞ አስቢበት ብላኛለች።"

"እሷ ቴክኒሻን ናት፣ ታስብ። እኛ ሥራ አለን።" ደብተሩን ተቀብዬ በራሴ እጅ ዜሮ ጻፍሁ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

ያን ሳምንት ኔትወርክ አልነበረም። "የለምለም አባት ሠርተውታል" የሚለው ወሬ እሑድን ሲዞር ውሎ ሰኞ ጠዋት የክፍሉ ልጅ ሁሉ ዜሮዬን ገልብጦ ነበር። እኔም በመንገድ ሳልፍ ልጆች በአክብሮት ሲያዩኝ ደረቴን ነፋሁ። ለምለም ብቻ ክፍል ከመግባቷ በፊት ላቦራቶሪ ገብታ፣ ከቲቸር ፊት ግማሽ ሰዓት ዝም ብላ ተቀምጣ፣ የኔን ሰርዛ አሥር ጻፈች፤ አሥር፣ ወደ ታች።

የፊዚክስ መምህራቸው ገና የተመረቀ፣ የብዙኃኑን ድምፅ የሚያከብር ልጅ ነበር። አርባ አንድ ደብተር ዜሮ ይላል፤ አንድ ደብተር አሥር ይላል። አርባ አንዱን ራይት አደረገ፤ አንዱን ኤክስ።

ማታ ደብተሯን ሳይ ያቃጠለኝ ኤክሱ አልነበረም። የኔ ዜሮ በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ በማስመሪያ ነው ያሰመረችው። ተናዳ ብትሞነጫጭረው ልጅነት ነው እል ነበር። ያባቷን ጽሑፍ በማስመሪያ! በማግስቱ ላቦራቶሪው ሄድሁ።

"ልጄን ባባቷ ላይ ማስመሪያ አስያዝሻት" አልኋት፣ ልጆቹ እየሰሙ።

"ማስመሪያውን የያዘችው እሷ ናት፣ አያ መርሻ። እኔ ጥያቄውን ነው ያስያዝኋት። ለርስዎም ልስጥዎት?"

"ስጭኛ!"

"ድንጋዩ ጫፍ ላይ ከቆመ፣ ምኑም የማይለወጥ ከሆነ፣ እዚያው የማይቀረው ለምንድን ነው?"

"ድንጋይ ነዋ! ምን ላይ ይቀመጣል?"

ልጆቹ ሳቁ። ለምለም አልሳቀችም፤ አቀርቅራ ነበር። እኔ ግን ሳቁን እንጂ ጥያቄውን አልሰማሁትም። "እሑድ ሽማግሌ ፊት እንገናኛለን" ብዬ ወጣሁ።

በእኛ ዘንድ ሁለት ሰው ሲጣላ ነገሩ ምንም ይሁን ምን ሽማግሌ ይገባበታል። ድንበር ይሁን፣ ፍየል ይሁን፣ ጋብቻ ይሁን፣ ሽማግሌ መሐል ለመሐል ይቆርጠውና ሁለቱም ትንሽ ተከፍተው ትንሽ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተቀመጥን። ዳኛው አለቃ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ከጎናቸው ፍየል ሊሸጡ ከአጎራባቹ ዝቋላ የመጡ አያ በሪሁን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ እንግዳ ሰው አያዳላም ተብሎ ከሸንጎው ተቀላቀሉ። እሳቸው ባገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ነው ደህና የሚሰሙ፤ ስለዚህ አለቃ ክሱን ይተረጉሙላቸው ጀመር። አክስለሬሽን ላይ ሲደርሱ ተቸገሩ። ሦስት ሰው ተከራክሮ በመጨረሻ "የድንጋዩ ምኞት" በሚለው ተስማሙ።

አያ በሪሁን በጥሞና ሰሙና ጠየቁ፤ "ድንጋዩን የወረወረው ማን ነው?"

"ማንም አልወረወረውም። የመጽሐፍ ድንጋይ ነው።"

"የማን ማሳ ላይ ወደቀ?"

"አልወደቀም፤ ገና ጫፍ ላይ ነው።"

"ሰው ካልጎዳ ታዲያ ለምን ትጣላላችሁ?" አሉ። እስካሁን ሳስበው በዚያ ሸንጎ ከሷ ቀጥሎ ቁም ነገር የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መርሻ ዜሮ ይላል። እሷ አሥር ትላለች። ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሐሰት አይናገሩም። እንግዲህ እሱ አምስት ይውጣ፣ እሷም አምስት ትውረድ። ድንጋዩ አምስት ነው።"

"እሰይ! ደግ ተፈረደ!" አለ ቤቱ ሁሉ። እኔም ደስ አለኝ። ከዜሮ ተነስቶ አምስት ማግኘት ትርፍ እንጂ ኪሳራ አይደለም።

"በሉ ተነሡ፣ ይቅር ተባባሉ" አሉን።

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች። "አባቶቼ፣ ከአያ መርሻ ጋር እታረቃለሁ። ቤታቸውን አስቀይሜ እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ጉልበታቸውን እስማለሁ። ስለ ድንጋዩ ግን አልታረቅም።"

"ምን አልሽ?"

"ድንጋዩ ሽምግልና አይሰማም፣ አባቴ። አሁን ወጥተን ብንወረውረው ወደ ላይ ሲሄድም አሥር ነው፣ ጫፍ ላይም አሥር ነው፣ ሲወርድም አሥር ነው።"

"ለኛ ብለሽ አምስት ብትይ ምን ይጎድልብሻል?" አሉ አለቃ፣ ለስለስ ብለው።

"እኔስ ምንም አይጎድልብኝም። ልጆቹ ግን ለፈተናው ማንን ሽማግሌ ይልካሉ?"

መጥታ ጉልበቴን ሳመች፤ ወጣች። ሽማግሌ ስትረግጥ እንጂ ስትታረቅ ያየ ሰው አልነበረም። እኔም እንዳላየ ሆንሁ።

በዚያ ሳምንት ወላጅ ሁሉ ልጁን ከላቦራቶሪው አስወጣ። ዘጠኝ ልጆች ብቻ ቀሩ፤ ወላጆቻቸው ገጠር ስለሆኑ ወሬው ያልደረሳቸው፣ ከጻግብጂና ከኒሯቅ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ። ርእሰ መምህሩ ሰላም ወዳድ ሰው ስለነበር ለሁለት ሳምንት ያህል እሷን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር። እኔም ለምለምን፣ "ሁለተኛ እዚያ እንዳትሄጂ" አልኋት።

ታዘዘች። መታዘዟ ነው የቀጣኝ። አልተከራከረችም፣ አላኮረፈችም። ደብተሯን ታመጣና፣ "አባዬ፣ ይህስ?" ትለኛለች። ሳይን ነው፣ ኮሳይን ነው፣ እንደ እባብ የሚተጣጠፍ መስመር ነው። እኔም ሥዕሉን አይቼ የመሰለኝን እላለሁ። እሷም ያልኋትን ቃል በቃል ትጽፋለች። ስህተት መሆኑን እያወቀች ትጽፋለች፤ ዓይኗ ላይ አየዋለሁ። ልጄ ለማሰብ ያባቷን ፈቃድ እየጠበቀች ነበር፤ እኔም አልፈቅድም።

በዚህ መሐል አንድ ቤት ልከድን ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ። ባለቤቱ ምስማር በጨርቅ ቋጥሮ ከታች ወረወረልኝ። ቋጠሮው ወጣ፣ ወጣ፣ ደረቴ ጋ ሲደርስ ቀስ አለ፣ ቆመ። እጄን ልዘረጋ ስል ጥያቄዋ መጣብኝና ዝም ብዬ አየሁት። ቋጠሮው ተመልሶ ወርዶ ባለቤቱን ሊፈነክተው ሲል ለጥቂት ሳተው።

"ምነው አያ መርሻ፣ አዞረህ እንዴ?"

"እንደገና ወርውር።"

ወረወረ። አልያዝሁትም። አራት ጊዜ አስወረወርሁት። በአራተኛው ሰውየው፣ "ውረድ፣ ውኃ ጠጣ" ብሎ መሰላሉን ያዘልኝ። እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። ቋጠሮው ቆሞ ሳለም እየተጎተተ ነው። ጉተታው ለአፍታ እንኳ ቢያርፍ ኖሮ ምስማሬ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። የቆመው ፍጥነቱ ነው፤ ጉተታው አልቆመም።

ከጣሪያው ወርጄ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥሁ ብል ደስ ባለኝ። አልሮጥሁም። ሦስት ሳምንት ዝም አልሁ። ስለ እውነት ልጆቹን ሲመክር የኖረ ሰው፣ እውነቱን ደረቱ ጋ ደርሶ አይቶት፣ ሦስት ሳምንት አፉን ዘጋ። ሰንበቴው ምን ይለኛል እያልሁ ነበር።

ከዚያ ለምለም የሂሳብ ፈተና ወረቀቷን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ከሃያው ሦስት ብቻ። ወረቀቱን ሳገላብጠው መልሶቹን አወቅኋቸው፤ የኔ ነበሩ። ከሃያው ሦስት ያገኘሁት እኔ ነኝ። እሷ አልተፈተነችም።

እሑድ ሰንበቴ ቤት ቆሜ፣ "ድንጋዩ ዜሮም አይደለም፣ አምስትም አይደለም፤ አሥር ነው" አልሁ።

አለቃ ተቆጡ። "እኛ የፈረድን በዜሮና በአሥር መሐል ነው። አሁን አንተም አሥር፣ እሷም አሥር ካላችሁ ሸንጎው በማን መካከል ነው የተቀመጠ?"

"ሰባት ተኩል ይሁንና ይለቅ" አለ አንዱ ከወደ ጥግ፣ ጠላውን እንደያዘ። የሳቀ አልነበረም፤ ከልቡ ነበር።

ስወጣ አለቃ በር ላይ ደረሱብኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የልጅ ልጄን መልሼ ብልካት ትቀበለኛለች ብለህ ነው?" አሉኝ።

ሰኞ ለምለምን ይዤ ላቦራቶሪው ሄድሁ። ዘጠኙ ልጆች ተቀምጠዋል። ጥሩወርቅ ግንባሯ እንደነጣ ቆማለች።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ መጣሁ" አልኋት።

"ስለ ምን?"

"ስለ ድንጋዩ።"

"ድንጋዩ አልተቀየመም። እኔም ያን ዕለት ታርቄያለሁ" አለች። ከዚያ ጠመኔውን ከሻሿ አወጣችና ዘረጋችልኝ። "በዚህ ክፍል ግን ሕግ አለ፣ አያ መርሻ። የተሳሳተ ሰው ስህተቱን ለሌላው ያስተምራል። መልሱን አይደለም፣ እሱን እነሱም ያውቁታል። እንዴት እንደተሳሳቱ ነው።"

"እኔ? ሰሌዳ ላይ?"

"አርባ አንድ ልጅ አስተምረው የለም እንዴ? አሥር አያቅትዎትም።"

ሰሌዳ ፊት ቆሜ አላውቅም ነበር። ድንጋዩን ሣልሁ። የሚወጣበትን፣ የሚወርድበትን ሣልሁ። ስለ ምስማሩ ቋጠሮ ነገርኋቸው፤ ባለቤቱን ላስፈነክተው እንደነበር ስናገር ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የቆመ ነገር ሁሉ ምንም የማይጎትተው መስሎኝ እንደነበር ነገርኋቸው። ጨረስሁ ብዬ ዞር ስል ለምለም እጇን አውጥታለች። እንደ ተማሪ ነው ያወጣችው፤ እንደ ልጄ አይደለም።

ጥሩወርቅ፣ "ጠይቂያቸው" አለቻት።

"ያን ቀን ዜሮ ሲሉኝ እርግጠኛ ነበሩ?"

"አልነበርሁም።"

"ታዲያ ለምን አላሉኝም?"

ብዙ መልስ አስቤ ነበር። እንግሊዝኛው አስቸግሮኝ ነው ማለት ይቻላል። ቸኩዬ ነበር ማለት ይቻላል። ጥሩወርቅን አየኋት፤ በዚያ በረጅሙ ዝምታዋ ዝም ብላለች፤ አታድነኝም።

"አባት ስለሆንሁ" አልሁ። "አባት አላውቅም የሚል አይመስለኝም ነበር።"

ለምለም አንገቷን ነቀነቀች። ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች አልጠየቅኋትም። ጠመኔውን አስቀምጬ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁና፣ "በይ ተነሽ፣ እንሂድ" አልኋት።

አልሰማችኝም። ገጹን ገልጣ፣ አጠገቧ ካለችው ከኒሯቅ ልጅ ጋር ተጠግታ፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ ጀምራ ነበር። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ብቻዬን ወጣሁ።